ሞተሩን አጎልብተነው ሲሰንፍ፦ ለባለካርቡራተር ስፖርት መኪኖች

ትልቅ ካርቡራተር (ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለው) ገጥማችኋል፣ ካምሻፍቱም (ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ) ተቀይሯል። መኪናው ግን ከበፊቱ ብሷል። በጣም እንደሚያናድድ አውቃለሁ። የካርቡራተሩን ብሎን ከመነካካት በፊት ግን ኮምፕሬሽኑን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን የጭመቃ ግፊት) እና እሳቱን (የካንዴላውን ብልጭታ) እዩ። እነሱ ሳይስተካከሉ ነዳጅ መመጠን ከንቱ ልፋት ነው።

ኮምፕሬሽን ሲለካ ሞተሩ ይሙቅ፣ እሳቱ ይቋረጥ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውጡ፣ ፔዳሉም እስከ ታች ይረገጥ። የሲሊንደሮቹ ልዩነት ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ማጎልበቱ ይቆየን። ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጋችሁ እንደገና ለኩ። ከፍ ካለ የፒስተኑ ቀለበት አልቋል። ካልተለወጠ ቫልቮላውን ወይም የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያውን ጠርጥሩ።

ጫን ሲሉት ያንኳኳል

ዳገት ላይ በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚንኮሻኮሽ ይመስላል። ይህን ድምፅ አትናቁት፤ ፒስተን ይበሳል። ወዲያው እግራችሁን ከፔዳሉ አንሱ።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እሳቱ ቀድሞ መምጣቱ ነው። ቴስታታው ተልጦ ኮምፕሬሽኑ ከፍ ካለ ደግሞ የቤንዚኑ ኦክቴን (ማንኳኳትን የመቋቋም አቅሙ) ላይበቃ ይችላል። ነዳጅ ሲያንሰውም እንዲሁ ያንኳኳል።

ወደ ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ ወደሚያከፋፍለው) የሚሄደውን የቫኪዩም ቱቦ ነቅላችሁ ድፈኑት። ከዚያ እሳቱ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ስንት ዲግሪ ቀድሞ እንደሚመጣ በታይሚንግ መብራት በ3,500 ዙር አካባቢ ለኩ። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሞተሮች በ30 እና በ36 ዲግሪ መካከል ይስማማቸዋል፤ መነሻችሁ ግን የፋብሪካው ቁጥር ይሁን። ካለፈ በ2 ዲግሪ በ2 ዲግሪ መልሱት። በሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ ባለው ዙር) ብቻ ለክቶ መተው ያሳስታል። የዲስትሪቢዩተሩ ስፕሪንጎች ከላሉ፣ ሚኒሞ ላይ ልክ የነበረው እሳት ዙር ሲጨምር ይፈተለካል።

ነዳጅ ስትሰጡት ይደናቀፋል

ካርቡራተሩ ዌበር ከሆነ ፔዳል ሲረገጥ ተጨማሪ ቤንዚን የምትረጨውን ትንሽ ፓምፕና የሚኒሞውን ጂግለር (ነዳጅ የሚመጥነውን ቀዳዳ) ፈትሹ፤ ቆሻሻ ይይዛቸዋል። እንደ ኤም ጂ ቢ ባሉ መኪኖች ላይ ያለው ኤስ ዩ ካርቡራተር ግን እንዲህ ያለ ፓምፕ የለውም። ያንን ሥራ የሚሠራለት ከላይ ያለው ዘይት ነው። ክዳኑን ፈትታችሁ እዩ። ዘይቱ ጎድሎ ሰው ካርቡራተር ሲቀይር ማየት ያሳዝነኛል።

ከታች ጥሩ፣ ከላይ ይታፈናል

የሕዝብ መንገድ ባልሆነ ቦታ በከፍተኛ ዙር ሲታፈን ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ወዲያው ሞተሩን አጥፉ። መኪናው ሲቆም ካንዴላውን አውጡ። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፤ ጥቀርሻ ከያዘ በዝቶበታል።

ካነሰው ዋናውን ጂግለር ከማስፋት በፊት ማጣሪያውንና የፓምፑን ግፊት እዩ። ዲ ሲ ኦ ኢ የሚባለው የዌበር ሞዴል ከ0.2 እስከ 0.25 ባር ይበቃዋል። ግፊት ጨምሬ ልሙላው አትበሉ፤ የቤንዚኑን መግቢያ የሚዘጋው መርፌ መዝጋት ያቅተውና ቤንዚን ያጥለቀልቃል። የካንዴላው ቀለም ደህና ከሆነ ፑንቲናውን (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን እያቋረጠ እሳት የሚያስነሳውን) እዩ። ስፕሪንጉ የደከመ ፑንቲና በከፍተኛ ዙር ይነጥራል፣ እሳቱም ይቆራረጣል።

ካምሻፍት ከተቀየረ ወዲህ ሚኒሞ አልረጋ አለ

ቫልቮላዎቹን ረዘም ላለ ጊዜ የሚከፍት ካም ከሆነ ትንሽ መንቀጥቀጡ ጠባዩ ነው። ሚኒሞውን ጥቂት ከፍ አድርጉለት። ከታች ጉልበቱ ፈጽሞ ከጠፋ ግን ካሙ በአንድ ጥርስ ተሳስቶ ገብቶ ይሆናል። በጊርስ ላይ ያለውን ምልክት ብቻ አትመኑ። በባለቀስት መለኪያና በዲግሪ ሰሌዳ አረጋግጡ፤ የቫልቮላውንም ክፍተት የካሙ ሠሪ በሰጠው ቁጥር እንጂ በድሮው አታስተካክሉት።