የድሮ ኮሚክ ስትሸጡ በብር ብቻ አታስሉ

የድሮ ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) የምትሰበስቡ ሰዎች፣ በየኮሚኩ ፕላስቲክ ውስጥ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አስቀምጡ። የተገዛበትን ዋጋ በዶላር፣ ቀኑን እና የዕለቱን ምንዛሬ ጻፉባት። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ሽፋኑን ሊነካው ይችላል።

ለምን መሰላችሁ? ደሴ ፒያሳ ሻይ እየጠጣን አንድ ወዳጄ «እጥፍ ላተርፍ ነው» ብሎ ኮሚኩን ሊሸጥ ሲል ደረስኩበት። ውጭ ያለች እህቱ በ20 ዶላር የገዛችለት ነው። ያኔ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር 1,140 ብር መሆኑ ነው። ገዢው 2,250 ሰጠው። ደስ ይላል አይደል? ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ምንዛሬውን የሚወስነው ገበያው ነው። ዶላር 150 ብር ቢሆን፣ 2,250 ብር ማለት 15 ዶላር ብቻ ነው። ያንኑ ኮሚክ መልሼ ልግዛ ቢል 5 ዶላር ይጎድለዋል፤ ያውም የፖስታው ሳይታሰብ። የጨመረው ዶላሩ እንጂ ኮሚኩ አይደለም።

ስታሰሉ የባንኩን «መሸጫ» ዋጋ እዩ። ብዙ ሰው «መግዣ»ውን አይቶ ይሳሳታል። ፈላጊው እናንተ፣ ሻጩ ባንኩ ነው።

የስቴፕለር ሽቦው የዛገ ወይም የደሴ ጉም ያረጠበው ቅጂ ከሆነ ግን ከንጹሕ ቅጂ ዋጋ ጋር አታወዳድሩት። ኮምቦልቻ ላይ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ በ50 ብር ላነሳችሁት ደግሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም።