የሳይንስ ልብ ወለድ ከዋክብትን ከደጅዎ ሆነው እንዴት ያገኟቸዋል?

የሳይንስ ልብ ወለድ ደራስያን ገጸ ባሕርያታቸውን የሚያሰፍሩባቸው ከዋክብት ብዙዎቹ የፈጠራ ስሞች አይደሉም፤ በየሌሊቱ ከራሳችን በላይ የሚያልፉ እውነተኛ ከዋክብት ናቸው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ አብዛኛው ክፍል ይታያታል፤ በዚህ ረገድ ለንደን ወይም ዋሽንግተን ያለ አንባቢ በስም ብቻ የሚያውቃቸውን ከዋክብት እኛ ከበረንዳ ላይ ሆነን እናያቸዋለን። ከዚህ በታች የምገልጸው ዘዴ ቴሌስኮፕ አይጠይቅም፤ መጽሐፉን ያነበበ ወይም ፊልሙን ያየ ሰው፣ ሁለት ዓይን እና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃሉ።

በመጀመሪያ ጨረቃ የሌለችበትን ምሽት ይምረጡ። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል፤ በዚህ መሐል ስልክዎን አንድ ጊዜ ከከፈቱት ድካምዎ ሁሉ ከንቱ ይሆናልና ኪስዎ ውስጥ ይተዉት። የሰፈሩ መብራት የሚጠፋበት ምሽት ለሌላው ሁሉ ቢያናድድም ለዚህ ሥራ ግን የተመቸ ነው። ርቀት የሚለኩት በእጅዎ ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ ሲታይ የጭብጥ ስፋት 10 ዲግሪ፣ የትንሿ ጣት ስፋት ደግሞ 1 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። የምጠቅሳቸው ሰዓቶች ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ የተሰሉ ናቸው፤ ከተጠቀሰው ቀን በኋላ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ይውጡ።

ጀማሪ የካቲት 15 ገደማ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቢጀምር እመርጣለሁ። ቀና ሲሉ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ከዋክብት ያያሉ፤ መጽሐፈ ኢዮብን ያነበበ ሰው በስም የሚያውቀው የኦሪዮን መታጠቂያ ይኸው ነው። ከመታጠቂያው በስተ ሰሜን፣ ከራስዎ በላይ ሊባል በሚችል ቦታ ላይ ቀላ ያለው ኮከብ ቤቴልጌዝ ሲሆን፣ በተቃራኒው በኩል ነጣ ብሎ የሚያበራው ራይጄል ይባላል። የመታጠቂያውን መስመር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቢያስረዝሙት ከሌሊቱ ሰማይ ከዋክብት ሁሉ ደማቁን ሲሪየስን ያገኛሉ።

አሁን ጀርባዎን ለእንጦጦ ሰጥተው ወደ ደቡብ ይዙሩ። ከሲሪየስ ሦስት ጭብጥ ተኩል ያህል ወደ ታች ሲወርዱ ብቻውን የሚያበራ ሌላ ደማቅ ኮከብ አለ። ይህ ካኖፐስ ነው፤ በድምቀቱ ከሲሪየስ ቀጥሎ ሁለተኛ የሆነው፣ ፍራንክ ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ዱን» ውስጥ የበረሃይቱ ዓለም አራኪስ የምትዞረው ኮከብ። ልብ ወለዱን ከሰማዩ ጋር ማስተያየት የሚጥመኝ እዚህ ላይ ነው። ካኖፐስ ከፀሐይ 10 ሺህ ጊዜ ያህል የሚበልጥ ብርሃን የሚረጭ ግዙፍ ኮከብ ነው፤ እንዲህ ያሉ ከዋክብት ነዳጃቸውን በፍጥነት ስለሚጨርሱ ዕድሜያቸው አጭር ነውና በዙሪያቸው ሕይወት ተፈጥሮ፣ አድጎ፣ እንደ ልብ ወለዱ አሸዋ ውስጥ የሚኖር ግዙፍ ትል እስኪሆን ድረስ ጊዜ የሚበቃ አይመስለኝም። ደራሲው ኮከቡን የመረጠው ለስሙና ለግርማው ሳይሆን አይቀርም፤ እኔም አልፈርድበትም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህንኑ ኮከብ ሱሃይል በሚለው የዐረብኛ ስሙ ሳይሰሙት አይቀሩም፤ በነሐሴ መጨረሻ ጎሕ ሲቀድ ብቅ ሲል የበጋው ሙቀት መብረድ እንደሚጀምር በዚያ ይነገራል። ዱባይ ላይ ከአድማስ በላይ ከፍ ሲል 12 ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ ዋሽንግተን ላሉት ግን ጨርሶ አይወጣላቸውም።

እዚያው ቆመው የካቲትን ሳያልፉ «ስታር ትሬክ» የተባለውን የቴሌቪዥን ድራማ የሚወዱ ሰዎች የሚጓጉለትን ኮከብ መፈለግ ይችላሉ፤ ይሁንና ይህኛው ከከተማ መሐል አይታይም፤ ወጣ ማለት ያስፈልጋል። ፊትዎን ወደ ምዕራብ አድርገው ከራይጄል ተነሥተው አንድ ጭብጥ ተኩል ያህል በቀጥታ ወደ ምዕራብ ይውረዱ። እዚያ ከትንሿ ጣት ስፋት ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ደብዛዛ ከዋክብት ያያሉ። ከሁለቱ በላይኛው ግራ ያለው፣ ትንሽ ደብዘዝ የሚለው፣ 40 ኤሪዳኒ ነው፤ ከእኛ 16 የብርሃን ዓመት (አንዱ የብርሃን ዓመት ብርሃን በዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ይርቃል። የድራማው ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ከሦስት የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ጋር በጻፈው ደብዳቤ የድራማው ገጸ ባሕርይ የስፖክ አገር የሆነችው ፕላኔት ቩልካን የምትገኘው በዚህ ኮከብ ዙሪያ እንደሆነ አስረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በእርግጥም በኮከቡ ዙሪያ ፕላኔት ሳይገኝ አልቀረም ተብሎ ሲታወጅ ደጋፊዎቹ ፈነጠዙ፤ በኋላ የተደረገው የረቀቀ ልኬት ግን ምልክቱ ከኮከቡ ከራሱ ገጽታ መለዋወጥ የመጣ መሆኑን አመለከተ። ቩልካን ተገኘች፣ ከዚያም ጠፋች።

ቀጣዩ ምሽት ግንቦት 15 አካባቢ ነው፤ የበልጉ ደመና ከፈቀደ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ወደ ደቡብ ይመልከቱ። ከአድማስ ሁለት ጭብጥ ያህል ከፍ ብሎ በመስቀል ቅርጽ የተቀመጡ ከዋክብት፣ የደቡብ መስቀል፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከእርሱ በስተ ግራ ደግሞ ሁለት ደማቅ ከዋክብት ተከታትለው ይታያሉ። ከመስቀሉ የራቀውና ይበልጥ የሚያበራው አልፋ ሴንታውሪ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ቢጠብቁ ከፍተኛ ቦታው ላይ ይደርሳል፤ ከ20 ዲግሪ ግን አያልፍም፤ ስለዚህ በስተ ደቡብ ሕንፃ ወይም ባሕር ዛፍ የማይጋርደው ስፍራ ያስፈልግዎታል።

እዚህ ላይ ከራሴ ስሕተት ይማሩ። በመጀመሪያው ዓመት ትዕግሥት አጥቼ በመጋቢት መጀመሪያ ወጣሁና የደቡብ መስቀልን አገኘሁ ብዬ ለሦስት ጓደኞቼ ደወልኩ፤ አንዱ ጋቢውን ደርቦ ጣሪያ ላይ ወጣ። ያየነው ለካ ሐሰተኛው መስቀል የሚባለው ነበር፤ ከእውነተኛው ሦስት ሰዓት ያህል ቀድሞ ያልፋል፤ ሰፋ ያለና ደብዘዝ ያለ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጎኑ እነዚያ ሁለት ደማቅ ከዋክብት የሉም። ሁለቱን ሳያዩ ለማንም አይደውሉ።

አልፋ ሴንታውሪ ለዓይን አንድ ነጥብ ቢመስልም በ80 ዓመት አንድ ጊዜ እርስ በርስ የሚዞሩ ሁለት ፀሐዮች ናቸው፤ ርቀታቸው 4.37 የብርሃን ዓመት ነው። ሦስተኛዋ ፕሮክሲማ ለእኛ ከሁሉም የቀረበች ኮከብ ብትሆንም እጅግ ደካማ ስለሆነች ያለ ቴሌስኮፕ አትታይም። «አቫታር» ፊልም ላይ የምናያት ፓንዶራ የተቀመጠችው ከሁለቱ ትልቁን በሚዞር ፕላኔት ዙሪያ ነው። በቻይናዊው ሊዩ ጺሺን «የሦስቱ አካላት ችግር» ደግሞ ሦስቱ ፀሐዮች ዓለሚቱን እንደ ኳስ እየተቀባበሉ አንዴ ያቃጥሏታል፣ አንዴ ያቀዘቅዟታል። ታሪኩ ግሩም ነው፤ እውነተኛው ሰማይ ግን እንዲህ አይታወክም፤ ፕሮክሲማ ከሁለቱ በጣም ርቃ፣ አንዱን ዙር በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት የምትጨርስ በመሆኗ የእነርሱን ዑደት የምታናጋበት ጉልበት የላትም።

በክረምቱ ማረፍ ነው። ጥቅምት 15 ገደማ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይዙሩና ከአድማስ አራት ጭብጥ ያህል ከፍ ይበሉ፤ ሰማያዊ የሚቀላቅለው፣ በዚያ አቅጣጫ ተወዳዳሪ የሌለው ደማቅ ኮከብ ቪጋ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ካርል ሴጋን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው «ኮንታክት» በተሰኘው ልብ ወለድ ከዚህ ኮከብ አቅጣጫ መልእክት ይመጣል። በመልእክቱ ውስጥ ከተገኙት ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1936 ከበርሊን ኦሎምፒክ የተላለፈው የቴሌቪዥን ሥርጭት ነው፤ ከእኛ ወጥቶ ቪጋ ደርሶ፣ ከዚያ ተመልሶ ተልኮልን። ሴጋን ሒሳቡን አልሳተም፤ ቪጋ 25 የብርሃን ዓመት ይርቃልና የደርሶ መልሱ ጊዜ ግማሽ ምእት ዓመት ይሆናል፣ የልብ ወለዱም ዘመን ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ማታ ዓይንዎ ውስጥ የሚገባው የቪጋ ብርሃንም ከ25 ዓመት በፊት የተነሣ ነው፤ ያን ዓመት የት እንደነበሩ ለማስታወስ ጊዜ አለዎት፤ ኮከቡ የሚጠልቀው ከምሽቱ 5 ሰዓት አካባቢ ነው።