ለበዓል ልብስ ትዕዛዝ ከሸማኔዎቹ ጋር እንዴት እንደተስማማን

ሽሮ ሜዳ እያሠራሁ የሀበሻ ቀሚስ እሸጣለሁ። ጥምቀትና ፋሲካ ሲቃረብ ሁሌ ጭቅጭቅ ነበር። እኔ የዘንድሮው ፋሽን እስኪለይ ትንሽ ትንሽ ማዘዝ እፈልጋለሁ፤ ሸማኔዎቹ ደግሞ ድርና ማጉን በራሳቸው ገንዘብ ቀድመው ስለሚገዙና በበዓል ሰሞን ሥራ ስለሚደራረብባቸው ብዙ ትዕዛዝ በጊዜ ይሻሉ። ሁለታችንም እውነት አለን።

የፈታነው ትዕዛዙን ለሁለት ከፍለን ነው። ጥለት የሌለውን ነጭ ጨርቅ ቀደም ብዬ በብዛት አዛለሁ፣ ቀብዱም ቢያንስ የክሩን ዋጋ ይሸፍናል። ነጭ ጨርቅ ፋሽኑ አያልፍበትም፤ ቢተርፍ ለሚቀጥለው በዓል ይሆናል። የጥልፉን ቀለምና ዲዛይን የምወስነው ደንበኛ ምን እንደሚጠይቅ ካየሁ በኋላ ነው።

ጥበቡ (ባለቀለሙ ጥለት) ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚሸመን ከሆነ ግን ይሄ አይሠራም። ለእሱ ጥቂት ናሙና አሠርቼ ገበያው ከወደደው እደግማለሁ፣ ለናሙናውም በፍሬ ጨምሬ እከፍላለሁ። ሸማኔው ዲዛይን ሲቀያይር የሚባክንበትን ጊዜ ሌላ ማን ይክፈለው?

ያዘዝኩትን ሳልወስድ ብቀር ቀብዱ የእነሱ ነው። ከበዓል በኋላ የደረሰ ሥራ ደግሞ በቅናሽ ነው የምወስደው። ይህችን በወረቀት አስፍረን ተፈራርመናል።