ዙል ከበር ሲመልሳችሁ

ዙል የኮድ ለውጦችን በራሱ የሚፈትሽ ሶፍትዌር ነው፤ ባጭሩ ዘበኛ። ኮዳችሁ ዋናው ብራንች (የጋራው የኮድ ቅጂ) ውስጥ ሳይገባ በር ላይ ያስቆመዋል፣ ይፈትሸዋል፣ ካለፈ ራሱ መርጅ ያደርገዋል (ዋናው ውስጥ ያስገባዋል)። ኦፕንስታክ የተባለው የክላውድ ሶፍትዌር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ለራሳቸው ችግር ብለው ሠሩት፤ በ2018 ሦስተኛው ቨርዥን ሲወጣ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ሆነ። ኮድ በሚገመገምባቸው ገሪት ላይም ጊትሃብ ላይም ይሠራል።

እንደ ማንኛውም ዘበኛ ግን አንዳንዴ ያናድዳል። ቴስት ሲወድቅ ብዙዎቻችን የምናደርገው ይታወቃል፦ ኮሜንት ላይ «ሪቼክ» (እንደገና ፈትሽ) ጽፎ ቡና ለመጠጣት መውጣት። ዙል ግን ዝም ብሎ «ወደቀ» አይልም፤ ቃል ይመርጣል። ሪቼክ ከማለታችሁ በፊት ቃሉን አንብቡት።

«ሪትራይ ሊሚት» ካለ

አንድ ጆብ፣ ማለትም ዙል የሚያስኬደው አንድ የፍተሻ ሥራ፣ ሦስት ደረጃ አለው። ፕሪ-ራን ማሽኑን ያዘጋጃል፣ ራን ቴስቱን ያስኬዳል፣ ፖስት-ራን ሎግ ይሰበስባል። ፕሪ-ራን ላይ ከወደቀ ዙል ጥፋቱን ኮዳችሁ ላይ አያላክክም። ኔትወርክ ይሆናል ብሎ ሌላ ማሽን ላይ ከመጀመሪያው ይነሳል። የጆቡ ኮንፊግ ላይ ካልተቀየረ በስተቀር 3 ጊዜ ይሞክርና «ሪትራይ ሊሚት» ብሎ ይተወዋል።

ስለዚህ ሎጉን ከፍታችሁ የመጨረሻውን የአንሲብል (ዙል ጆቦችን የሚያስኬድበት መሣሪያ) ታስክ ፈልጉ። ሦስቱም ሙከራ እዚያው ታስክ ላይ ከቆመ ኔትወርክን አትውቀሱ። እኔ አንድ ጊዜ ፕሪ-ራን ውስጥ የፓኬጅ ስም ላይ አንዲት ፊደል ስቼ ሦስቴ እስኪወድቅ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ከዚያ ምን አደረግኩ? ሪቼክ ብዬ ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ።

ሌላም መንስኤ አለ። ቴስቱ እየሄደ ማሽኑ ከጠፋም ዙል እንደገና ይሞክራል። ቴስታችሁ የኔትወርክ ሴቲንግ የሚነካ ወይም ሜሞሪ የሚጨርስ ከሆነ ማሽኑን የገደላችሁት እናንተ ናችሁ።

«ኖድ ፌይለር» እና «ፖስት ፌይለር»

የመጀመሪያው ማሽን ጭራሽ አልተገኘም ማለት ነው። ኮዳችሁ አልተነካም፣ የሚነበብ ሎግም የለም። የጠየቃችሁት የማሽን ዓይነት ስም በትክክል መጻፉን እዩ። ልክ ከሆነ ነገሩ የክላውዱ ኮታ ወይም የተበላሸ ኢሜጅ (ማሽኑ የሚነሳበት ቅጂ) ሊሆን ይችላል፤ ለአስተዳዳሪዎቹ ንገሩ። አንድ ሪቼክ እዚህ ላይ አይፈረድባችሁም።

በሁለተኛው ቴስታችሁ አልፎ ሊሆን ይችላል። የወደቀው ሎግ መሰብሰቡ ነው። ብዙ ጊዜ ፖስት-ራን የሚፈልገው ፋይል በቦታው አይገኝም።

ቼክ ላይ አልፎ ጌት ላይ ይወድቃል

«ትናንት አረንጓዴ ነበር እኮ!» የሚባለው እዚህ ነው። ቼክና ጌት ሁለት የፍተሻ መስመሮች (ፓይፕላይኖች) ናቸው። ቼክ ለውጣችሁን ብቻውን፣ አሁን ባለው ዋና ብራንች ላይ ይፈትሻል። ጌት ግን መርጅ ሊሆን ሲል ወረፋ ውስጥ ከፊታችሁ ካሉት ጋር ደምሮ ይፈትሻል፤ እነሱ ገና መርጅ ባይሆኑም።

ሀ የሚባለው ለውጥ የአንድ ፈንክሽን ስም ቀየረ እንበል። ለ ደግሞ በአሮጌው ስም ይጠራዋል። ለየብቻ ሁለቱም አልፈዋል። ጌት ላይ ሀ ከፊት፣ ለ ከኋላ ሲሰለፉ ለ ይወድቃል። ይህ የዙል ስህተት አይደለም፤ ዘበኛው የተቀጠረው ለዚሁ ነው። ለን ሀ ላይ ሪቤዝ አድርጉ (ከሀ በኋላ እንዲቀጥል አድርጉት)፣ ስሙን አስተካክሉ።

ሀ ራሱ ከወደቀስ? ዙል ሀን ከወረፋው ያወጣና ከኋላ ያሉትን ያለ እሱ እንደ አዲስ ይፈትሻል። 40 ደቂቃ የሄደ ቴስት ከዜሮ ሲጀምር ካያችሁ አትደንግጡ፣ ከፊታችሁ ሰው ወድቋል።

ከኋላ ያሉት ጭራሽ ሳይጀምሩ የሚቆሙበት ጊዜም አለ። ጌት በመነሻው 20 ለውጥ አንድ ላይ ይፈትሻል። አንዱ በወደቀ ቁጥር ይህ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል፤ ከ3 ግን አይወርድም። አንዱ በገባ ቁጥር ደግሞ የሚጨምረው አንድ ብቻ ነው። ሲወርድ በሊፍት፣ ሲወጣ በደረጃ። አንዴ እያለፈ አንዴ እየወደቀ የሚያስቸግር አንድ ቴስት የሁሉንም ወረፋ ያንቀራፍፋል። እሱን በሪቼክ እያባበሉ ማሳለፍ ሌላውን ሰው ማስጠበቅ ነው። ቴስቱን ጠግኑት፣ ካልቻላችሁ ለጊዜው አውጡት።

«ዲፔንድስ-ኦን» ጻፍኩ፣ አልተንቀሳቀሰም

«ዲፔንድስ-ኦን» አንድ ለውጥ ሌላውን እንደሚጠብቅ የሚናገር መስመር ነው። ገሪት ላይ ከሆናችሁ ኮሚት ሜሴጁ ውስጥ፣ ጊትሃብ ላይ ፑል ሪኩዌስቱ ዲስክሪፕሽን ውስጥ መሆኑን እዩ። ቦታው ልክ ከሆነ ሁለቱ ፕሮጀክቶች ጌት ላይ አንድ ወረፋ ይጋራሉ ወይ? ካልተጋሩ ሁለተኛው የመጀመሪያው መርጅ እስኪሆን ይጠብቃል። መፍትሄው አንድ ወረፋ ውስጥ ማስገባት ነው።

ኮንፊግ ቀየርኩ፣ ምንም አልተለወጠም

ዙል ሪፖዎችን (የኮድ ማከማቻዎችን) በሁለት ይከፍላል፦ የሚያምናቸውና የማያምናቸው። በማያምናቸው ውስጥ ያለ የጆብ ለውጥ ገና ሳይገባ ያኔውኑ ይሞከራል። የሚያምነው የኮንፊግ ፕሮጀክት ውስጥ ያለው ግን የሚሠራው መርጅ ከሆነ በኋላ ብቻ ነው። እንዲህ የሆነው ማንም ሰው ያልተገመገመ ፓች (የኮድ ለውጥ) ልኮ ሚስጥራዊ ቁልፎችን እንዳይወስድ ነው።

ችግሩ የሚብሰው ሁሉም ጆብ የሚወርሰውን ቤዝ ጆብ ስትነኩ ነው። አንድ ስህተት ሁሉንም ያቆማል። የለመዱት ሰዎች «ቤዝ-ቴስት» የሚል ቅጂ ይሠራሉ። ለውጡን መጀመሪያ እዚያ ያስገባሉ፣ ከዚያ መርጅ የማይሆን አንድ የሙከራ ፓች ከሱ እንዲወርስ አድርገው ያዩታል።

ጆቡ ጭራሽ አይነሳም

መጀመሪያ የፋይል ማጣሪያውን እዩ፤ የነካችሁት ፋይል ጆቡ ከሚከታተላቸው ውጭ ይሆናል። ቀጥሎ ብራንቹን። ብዙ ብራንች ባለው ሪፖ አንዱ ብራንች ላይ የተጻፈ ጆብ በነባሪ እዚያው ብራንች ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ በፕሮጀክቱ ፓይፕላይን ስር «ዲበግ» የሚለውን «ትሩ» አድርጉና እንደገና ላኩ። ዙል ሪፖርቱ ላይ የትኛው ጆብ ለምን እንደተነሳ፣ የትኛው ለምን እንደቀረ ይጽፍላችኋል። ፓቹ ከመግባቱ በፊት ግን ያችን መስመር አውጧት።