ከዓሣ አስጋሪዎች ወደብ አጠገብ ከልጆች ጋር መዋኘት፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ዓሣ አስጋሪዎች የሚሠሩበት ወደብ ያላት ከተማ ልጆች ይዞ ለመሄድ ደስ ትላለች። አሸዋ አለ፣ ጀልባ ሲገባና ሲወጣ እያዩ ልጆቹ አይሰለቹም፣ ትኩስ ዓሣም ይገኛል። ችግሩ የሚጀምረው እንግዳው ወደቡንና መዋኛውን አንድ ቦታ አድርጎ ሲያይ ነው። አሸዋው መዝናኛ ነው፤ ወደቡ የሥራ ቦታ ነው። ደግሞም እንግዳ ሰው የረጋ ውሃ ባየበት ሁሉ “እዚህ ደህና ነው” ይላል። የባሕር ዳር ውሃ የሚረጋባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ ሦስቱ ልጅ ይወስዳሉ።

ወደቡ ውስጥ ማስዋኘት

እንደዚህ የሚያስቆጣ ስህተት የለም። ከአሸዋው ፊት ለፊት ሞገድ ሲበረታ ወላጆች ዞር ብለው በግንብ ታጥሮ እንደ ኩሬ የተኛውን የወደብ ውሃ ያያሉ። “ለትንንሾቹ ይኼ ይሻላል” ይሉና ልጆቹን እዚያ ያስገባሉ። አይሻልም! ወደቡ ትልልቅ ጀልባ እንዲችል ተብሎ የተቆፈረ ነው። ቀስ እያለ የሚጠልቅ ዳር የለውም፤ ከኮንክሪቱ ጠርዝ አንድ እርምጃ ሲወርዱ እግር መሬት አይነካም። ግድግዳው ቀጥ ያለ ስለሆነ የደከመ ልጅ የሚይዘው ነገር አያገኝም። የብረት መሰላል ቢኖርም የታችኛው ደረጃ አረንጓዴ ዝቃጭ ለብሶ ያንሸራትታል።

ጀልባ የሚነዳው ሰው ደግሞ ልጁን አያየውም። ከመሪው ክፍል ሲያይ የጀልባው አፍንጫ ከፊቱ ያለውን ቅርብ ውሃ ይጋርድበታል፤ ወደ ኋላ ሲሄድማ ጭራሽ አይታየውም። ቢያይም ብዙ ቶን የሚመዝን ጀልባ እንደ መኪና ፍሬን ተይዞ አይቆምም። ፕሮፔለሩ ሲዞር ውሃውን ወደ ራሱ ይስባል፤ አጠገቡ ያለ ዋናተኛም አብሮ ይሳባል። ከሥር የተንጠለጠሉ ገመዶች፣ የተጣለ መረብና የሽቦ ቁርጥራጭ አለ፤ ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ከላይ አይታይም።

ማዕበሉን የሚያግደው ግንብ ውሃው ቶሎ እንዳይለወጥም ያግዳል። ከሞተር የሚፈስ ዘይት፣ ከጀልባ ሆድ የሚቀዳ ውሃ፣ የዓሣ ማጠቢያ እጣቢ ሁሉ እዚያው ይቆያል። ልጅ ደግሞ ሲዋኝ ውሃ ይውጣል። ሞቃት ባሕር ላይ ሌላም ነገር አለ። የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚጣልበት ውሃ ሻርክና ሌሎች አዳኝ ዓሦችን ይጠራል፤ ወፎች እየተወረወሩ የሚጠልቁበት ቦታ ታች ላይ ዓሣ እየታደነ መሆኑን ይነግራችኋል። እዚያ አትግቡ።

ልጆቹ ጀልባዎቹን ይዩ፣ ግን ከመሬት። የጥሩንባውንም ቋንቋ አስተምሯቸው፤ በጣም ይወዱታል። እያንዳንዳቸው አንድ ሰከንድ ያህል የሚረዝሙ ሦስት አጫጭር ድምፆች “ሞተሬ ወደ ኋላ እየሠራ ነው” ማለት ነው። አምስትና ከዚያ በላይ አጫጭር ድምፅ ከተሰማ ካፒቴኑ የሌላው ጀልባ አካሄድ አላማረውም፣ ግጭት ፈርቷል። ይህ በዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ የተወሰነ ስለሆነ የትም ሄዳችሁ ያው ነው።

ከግንቡ ሥር ምንጣፍ ማንጠፍ

ግንቡ ነፋስ ይከልላል፣ ጥላም ይሰጣል፤ ስለዚህ ቤተሰብ ሁሉ እሱን ተጠግቶ ይቀመጣል። ሞገድ ወደ አሸዋው የገፋው ውሃ ግን በሆነ በኩል ወደ ባሕር መመለስ አለበት፤ ከግንቡ ጎን ለጎን ያለው መስመር ዋናው መመለሻ ነው። ምልክቱ ግራና ቀኝ ሞገድ ነጭ አረፋ እያወጣ ሲሰበር መሐሉ ላይ ጠቆር ብሎ የማይሰበር ውሃ መታየቱ ነው። ወላጅ ሲያየው የተረጋጋ መግቢያ ይመስለዋል። ይህ ሁለተኛው አታላይ እርጋታ ነው። ጅረቱ ሲበረታ በሰከንድ እስከ 2.5 ሜትር ሊሄድ ይችላል፤ የኦሎምፒክ ዋናተኛም አይቀድመውም።

የተወሰደ ሰው የሚሞተው ብዙ ጊዜ ጅረቱን ፊት ለፊት ሲታገል ስለሚዝል ነው። ጅረቱ ወደ ውስጥ ያርቃል እንጂ ወደ ታች አይጎትትም። ስለዚህ መጀመሪያ መንሳፈፍ፣ እጅ አንስቶ መጣራት፣ ከዚያ ከባሕሩ ዳር ጋር ትይዩ ሆኖ መዋኘት ነው። ግንብ አጠገብ ከሆነ ትይዩ የሚዋኘው ከግንቡ በሚርቀው በኩል ብቻ ነው፤ በሌላው በኩል ሞገዱ ሰውን ከድንጋዩ ጋር ያላትማል። ሰው ሲወሰድ ካያችሁም ባዶ እጃችሁን ተከትላችሁ አትግቡ፤ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለትና ነፍስ አድን ጥሩ።

ግንቡ ላይ መውጣትም ያው ነው። ድንጋዩ ላይ ጠቆር ያለ መስመር አለ፤ ባሕሩ እስከዚያ ይደርሳል ማለት ነው። ከመስመሩ በታች ያለው ሁሉ ያንሸራትታል፣ በድንጋዮቹ መሐል ያለው ክፍተትም እግር ይይዛል። ለአምስት ደቂቃ ትንሽ ሞገድ አይታችሁ አትመኑ፤ ትልልቆቹ ተከታትለው የሚመጡት ከዕረፍት በኋላ ነው።

ባሕርን እንደ ሐይቅ ማየት

ሐይቅ ላይ ዋና የለመደ ሰው ውሃው ጠዋት የነበረበት ቦታ ማታም የሚያገኘው ይመስለዋል። ባሕር ይሞላል፣ ይጎድላል። በአብዛኛው ቦታ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው፤ ስለዚህ የዛሬው ሙላት ነገ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይመጣል። አጨማመሩ ግን እኩል አይደለም። ውሃው ለመሙላት ስድስት ሰዓት ያህል ሲወስድ በመጀመሪያው ሰዓት የሚጨምረው ከጠቅላላው አንድ አሥራ ሁለተኛ ገደማ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ብቻ ግን ግማሹ ይገባል። ሰው የሚከበበው በዚህ ነው፤ “ቀስ እያለ ነው የሚመጣው” ብሎ ከድንጋዩ ጀርባ ሸርጣን ሲፈልግ መመለሻው ይዘጋበታል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ግማሽ ስትሆን ይጠባል። እንደ ሜዲትራኒያን ባሉ ባሕሮች ትንሽ ነው፣ ውቅያኖስ ዳር ግን ብዙ ሜትር የሚደርስበት ቦታ አለ። የሙላቱን ሰዓት ወደቡ ላይ ጠይቁ፤ አስጋሪዎቹ የሚወጡትና የሚገቡት በሱ ነው።

ነፋስ ከየብስ ሲነፍስ መንሳፈፊያ ማውጣት

ሦስተኛው አታላይ እርጋታ ይህ ነው። ነፋሱ ከመሬት ወደ ባሕር ሲነፍስ ዳሩ ላይ ሞገድ አይኖርም፤ ውሃው እንደ መስታወት ለጥ ይላል። በአየር የሚነፋ ፍራሽ ወይም ጎማ ላይ የተቀመጠ ልጅ ግን በደቂቃዎች ውስጥ አባቱ ዋኝቶ የማይደርስበት ቦታ ይገኛል። ባንዲራውን እዩ፤ ጫፉ ወደ ባሕር ከጠቆመ መንሳፈፊያው አሸዋ ላይ ይቅር። ኳስ ከተወሰደ ተዉት፣ ማንም አይከተለው።

ጀልባ ማሰሪያው ላይ ልጅ መልቀቅ

የተወጠረ ገመድ አይታለፍም፣ አይረገጥም፣ አይቀመጡበትም። ናይለን ገመድ ሲወጠር ይለጠጣል፤ ቢበጠስ የተጠራቀመው ኃይል ተመልሶ ሲመጣ አጥንት ይሰብራል። መሬት ላይ ቀለበት ሠርቶ የተኛ ገመድ ውስጥም እግር አይገባም፤ ጀልባው ሲንቀሳቀስ ቀለበቱ በድንገት ይጠብቃል። እግርን ከጠርዙ ላይ አንጠልጥሎ መቀመጥ ደግሞ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ጀልባው በሞገድ ተገፍቶ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ግን በመሐል ያለውን ሁሉ ይጨፈልቃል። ፎርክሊፍት የዓሣ ሳጥን ተሸክሞ ሲመጣ ሳጥኑ የሹፌሩን ዕይታ ስለሚጋርድ መንገድ የምትለቁት እናንተ ናችሁ። የተዘረጋ መረብ አትርገጡ፣ የሰው እንጀራ ነው።

መንጠቆ በየቦታው ይወድቃል፣ አሸዋው ላይም ጭምር። ልጆች ሶላቸው ጠንካራ የሆነ ጫማ ያድርጉ። ሥጋ ውስጥ የገባ መንጠቆ ጫፉ ወደ ኋላ የሚይዝ ሹል ስላለው መጎተት ቁስሉን ይቀድዳል። ክሩን ቆርጣችሁ፣ መንጠቆው እንዳይነቃነቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ስለ ቴታነስ ክትባትም ጠይቁ። ዓይን አጠገብ ከሆነ በጭራሽ አትንኩት።

ሰጥሞ የሚጮህ ልጅ መጠበቅ

የሚሰጥም ልጅ አይጮህም፣ እጁንም አያወዛውዝም። አፉ ከውሃ በላይና በታች ሲል ለመተንፈስ እንጂ ለመጣራት ጊዜ የለውም፤ ፀጥ ብሎ ቀጥ እንዳለ ይወርዳል። ዋና የማይችል ልጅ ሁልጊዜ በእጅ መድረስ ርቀት ይሁን። “ሁላችንም እያየን ነው” ማለት ማንም አያይም ማለት ነው፤ አንድ ሰው በስም ይመደብ፣ ስልኩን ያስቀምጥ፣ በየ15 ደቂቃው ይቀያየር። ክንድ ላይ የሚነፋ ጎማ መጫወቻ ነው፤ ልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት ነው የሚያድነው። የዋና ልብሱ ደማቅ ብርቱካናማ ቢሆን ይሻላል፤ ሰማያዊና ነጭ ውሃ ውስጥ ይጠፋሉ።

ቀሪዎቹን በአጭሩ። የምትዋኙት በሁለቱ ቀይና ቢጫ ባንዲራዎች መሐል ነው፤ ቀይ ከተሰቀለ አትግቡ፣ ሐምራዊ የሚናደፉ የባሕር እንስሳት አሉ ማለት ነው። ጀልባ የሚወርድበት ዘቅዛቃ መንገድ ላይ መኪና አታቁሙ፤ የነፍስ አድን ጀልባም በዚያው ሊወጣ ይችላል። ልጆች የሚቆፍሩት ጉድጓድ ከትንሹ ልጅ ጉልበት አይለፍ፤ አሸዋ ሲናድ ይቀብራል። ከባድ ዝናብ ከዘነበ አንድ ሁለት ቀን ቆዩ፣ ጎርፉ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ ይወርዳል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ፀሐዩ ይከብዳል፤ ክሬሙን በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር ድገሙት። አሸዋ ውስጥ የተደበቀ እሾኻም ዓሣ እግር ከወጋ ቁስሉን ሳያቃጥል በሚቻለው ሙቅ ውሃ፣ ከ45 ዲግሪ ሳይበልጥ፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉ። ሙቀቱን በልጁ እግር ሳይሆን በራሳችሁ እጅ ለኩት።

ዓሣውን ጠዋት ገዝቶ መኪና ውስጥ ማዋል

ዓሣ የሚገዛው ወደ ቤት ልትነሱ ስትሉ ነው። ዓይኑ ጉብ ያለና የጠራ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። ቱና፣ ማኬሬልና ሰርዲን ሙቀት ላይ ሲቆዩ ባክቴሪያ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን ይፈጥራል፤ ይህን ደግሞ መጥበስም ሆነ መቀቀል አያጠፋውም። ሆድ ዕቃው ወጥቶ ይታጠብ፣ በሙቀት ጊዜ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ የተፈጨ በረዶ ያዙ። በረዶ ከሥር፣ ዓሣ፣ በረዶ ከላይ አድርጋችሁ ደርድሩት፤ የቀለጠው ውሃ እንዲወርድ የሳጥኑን ቀዳዳ ክፍት ተዉት። ከተበላ በኋላ ፊት ከቀላ፣ ራስ ከፈለጠና ሰውነት ካሳከከ ምግቡን አቁሙና ሐኪም ጋር ሂዱ፤ መተንፈስ ካስቸገረ አምቡላንስ ጥሩ።