ብርድ ያልነው የደም ቧንቧ ሆኖ ተገኘ፦ ከጎንደር ጓዳ የሚጀመር ጥንቃቄ

አባባ ወደ ቁስቋም ሲወጡ ሁለት ጊዜ ይቆሙ ነበር። አንዴ ዳገቱ ሲጀምር፣ አንዴ መሃል ላይ። ባታቸውን ጨብጠው «ብርድ ገብቶኝ ነው» ይላሉ፤ ትንሽ ሲያርፉ ይለቃቸዋል፣ መራመድ ሲጀምሩ ደግሞ ይመለሳል። እማዬ ማታ ማታ በሞቀ ቅቤ ታሻቸው ነበር። ሁላችንም ብርድ ነው ብለን ተቀመጥን። ሲመረመሩ ግን የእግራቸው የደም ቧንቧ ጠቦ ተገኘ።

ስለዚህ ስለ ቅጠላ ቅጠሉ ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ቤታችሁ ውስጥ ሲራመድ ባቱን የሚያመው፣ ሲያርፍ የሚለቀው ሰው ካለ መጀመሪያ አስመርምሩት። ሌላው ከዚያ በኋላ ይደረሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልብ ደም የሚያወጡት ቧንቧዎች፣ ትምህርት ቤት ደም ቅዳ ብለን የተማርናቸው፣ ግድግዳቸው ውስጥ ቀስ እያለ ስብ ይጠራቀማል። ዓመታት ሲያልፉ ይደድራል፣ መንገዱም ይጠባል። ልብ ላይ ከሆነ ደረትን ያማል፣ አንጎል ላይ ከሆነ ስትሮክ ያመጣል። የሚያባብሱት የታወቁ ናቸው፦ ደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ ስኳር በሽታ፣ መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ቁጭ ብሎ መዋል፣ ዕድሜና ዘር። ተጠርጎ የሚወጣ ቆሻሻ አይደለም። የትኛውም ሥር፣ የትኛውም ቅጠል ቧንቧውን አያጥበውም። በጓዳችን ያለው ነገር የሚጠቅመው ግፊቱንና ኮሌስትሮሉን ትንሽ ዝቅ በማድረግ ነው፤ ትንሽም ቢሆን በየቀኑ ሲሆን ዋጋ አለው።

ከዘይት ጀምሩ። የጎንደር ጠዋት ብርድ ራሱ ይመረምርላችኋል፦ ጀሪካኑን ስትከፍቱ ዘይቱ ነጭ ሆኖ ከረጋ የፓልም ዘይት ነው፣ ግማሽ ያህሉ የሚረጋው የስብ ዓይነት ነው፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገውም እሱ ነው። የኑግና የሱፍ ዘይት እንደዚያ አይረጋም። ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። እኛ ቤት መፍትሄው ጥሩውን ገዝቶ መቀነስ ሆነ፤ ድሮ በጭልፋ የምንጨምረውን አሁን በማንኪያ እንለካለን። ቅቤውም እንደዚሁ። እማዬ «ያለ ቅቤ ወጥ ወጥ አይሆንም» ብላ ስታስቸግረን፣ የጾሙን መላ ለፍስኩም አመጣንላት፦ ትንሽ የኑግ ዘይት በኮረሪማ፣ በኮሰረት፣ በበሶብላና በእርድ በቀስታ ማንጠር። ሽታው ጎረቤት ይጠራል። አሁን ራሷ ናት የምታነጥረው።

ጾም ራሱ ትልቅ እርዳታ ነው፣ ግን ሥጋና ቅቤ ትተን ቀኑን ሙሉ ሳምቡሳና ፓስቲ የምንበላ ከሆነ፣ ያውም ሦስት አራት ጊዜ በተጠበሰበት ዘይት፣ ያገኘነውን መልሰን አጣነው ማለት ነው።

ጨው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ መሆኑ ነው፣ ያውም የቀኑ በሙሉ። እኛ ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው አለበት፣ ሽሮው ሲፈጭ ጨው አለበት፣ ድስቱ ላይ ደግሞ እንጨምራለን፣ ገበታ ላይ አዋዜ ይመጣል። ቀላሉ ዘዴ ሽሮና በርበሬ ስታስፈጩ ጨውን መተው ነው። ከዚያ ድስቱ ላይ የምትጨምሩትን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

አሁን ወደ ተልባ። እኔ ከሁሉም የማምንበት እሱን ነው። በ2013 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ የካናዳ ጥናት የእግራቸው የደም ቧንቧ የጠበበ ሰዎችን፣ ልክ እንደ አባባ ያሉትን፣ በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ከምግብ ጋር ለ6 ወር ሰጥቷቸው፣ ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ የላይኛው ግፊታቸው በ10 ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። አብዛኞቹ መድኃኒታቸውን አላቋረጡም ነበር፣ ይህን አስምሩበት።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ፣ ግን ጥቂት ነገር ልጨምር። ከቅዳሜ ገበያ ስትገዙ አፈርና ጠጠሩን በደንብ አበጥሩ። ምጣዱ በጣም ሳይግል በለሆሳስ ቁሉት፤ ጠሽ ጠሽ ማለት ሲጀምርና ሽታው ሲወጣ አውርዱት። ካረረ ይመራል። ከዚያ መውቀጥ ወይም መፍጨት ግድ ነው፣ ፍሬው ሳይሰበር ከተዋጠ እንደገባ ይወጣል። የሳምንት ብቻ ፍጩ፣ ዱቄቱ ሲቆይ ዘይቱ ይበላሽና ይሻግታል። በአንድ የሾርባ ማንኪያ ጀምራችሁ ሆዳችሁ ሲለምድ ወደ ሦስትና አራት ከፍ በሉ፣ በብዙ ውሃ በጥብጡት። ስኳር አታድርጉበት! እንግዳ ሲመጣ ሦስት ማንኪያ ስኳር የምንጨምርበት ተልባ ለደም ሥር ብለን የምንጠጣው አይደለም። ደግሞም የተልባው ልጋግ የመድኃኒት ክኒንን ወደ ደም መግባት ያዘገያል፣ ስለዚህ በክኒኑና በተልባው መካከል አንድ ሁለት ሰዓት ይኑር።

ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ሳይነካ ድስት ውስጥ ከገባ ጥቅሙ ይቀንሳል። አሊሲን የሚባለው ነገር የሚፈጠረው ፍሬው ሲወቀጥ ነው፣ እሳት ደግሞ ያጠፋዋል። ስለዚህ ወቅጣችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ ሽሮው ሊወርድ ሲል ጨምሩት። በቀን አንድ ሁለት ፍሬ ይበቃል። አስፕሪን ወይም ሌላ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን በገፍ እንዳይበላ፣ ደም መፍሰስ ያባብሳል። ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ያለውም አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

አብሽ የታወቀ ነው፤ ዱቄቱን ማታ ዘፍዝፎ፣ ጠዋት ላይ የጠለለውን መራራ ውሃ ደፍቶ፣ የቀረውን እስኪነጣና አረፋ እስኪያወጣ መምታት። ስኳርንም ኮሌስትሮልንም ዝቅ ለማድረግ ይረዳል። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ስለሚችል እየለካ ይሁን። ነፍሰ ጡር ደግሞ እንደ መድኃኒት ብላ አትውሰደው።

ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብል፣ እርድ በምግብ ውስጥ ጥሩ ናቸው። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ሲደረግ ምንም የለውም፣ ቅጠሉን ጨምቆ በብርጭቆ መጠጣት ግን አደገኛ ነው፣ እባካችሁ አታድርጉት።

እግርም መድኃኒት ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ በቃ። ከፒያሳ ተነስቶ የፋሲል መዋኛ ደርሶ መመለስ የቀኑን ድርሻ ይሸፍናል። ለአባባ ሐኪሙ ያዘዘላቸው እስኪያማቸው እንዲሄዱ፣ እንዲያርፉ፣ ደግሞ እንዲሄዱ ነው። ቁስቋም ላይ አሁን የሚቆሙት አንዴ ነው።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን ስህተት ሠርተናል። አንድ ሰው «የደም ቧንቧ ያጥባል» ብሎ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጥቁር ፈሳሽ ሸጠላቸው። ምን እንዳለበት አልጻፈም። አባባ እሱን አምነው የግፊት ክኒናቸውን ተዉ፣ ለእኛም አልነገሩንም። በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸውን ሲያማቸው ለካናቸው፣ 190 በ110። ያን ሌሊት አልረሳውም። ግፊት ሳይሰማችሁ ከፍ ሊል ይችላል፤ 140 በ90 ከደረሰና ከተደጋገመ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ስትለኩ 5 ደቂቃ ተቀምጣችሁ፣ ቡና ከጠጣችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አልፎ ይሁን። ሦስተኛው ስኒ ላይ የተለካ ግፊት ያሳስታል።

ፊት ወደ አንድ በኩል ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወይም ደረት በከባድ ሕመም ከተያዘ ግን ተልባም ነጭ ሽንኩርትም አይፈላ፣ ያለውን መኪና አስቁማችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

አሁን እኛ ቤት ፍሪጁ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። በግራ አባባ የሚውጡት ክኒን፣ በቀኝ የሚጠጡት ተልባና አብሽ ከነመጠኑ። ቀጠሮ ሲደርስ ወረቀቱን ገንጥለን ይዘንላቸው እንሄዳለን፣ ሐኪሙም ሁለቱንም ጎን ያነባል።