አሮጌ ላንድክሩዘር ግቢ ውስጥ ስታድሱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየሰፈሩ ሸራ ለብሶ የቆመ አሮጌ ላንድክሩዘር አይጠፋም። ቶዮታ 40 እየተባለ የሚጠራውን ትውልድ ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ሠርቶታል። አጭሩ ኤፍጄ40፣ ፒካፑ ኤፍጄ45፣ በናፍጣ የሚሄዱት ቢጄ40 እና ኤችጄ47 ሁሉም የዚያ ቤተሰብ ናቸው። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እነዚህን መኪኖች የሚያይ ዓይን በዝቷል። አባቱ ያቆመውን የሚያስነሳ አለ። ከጨረታ ገዝቶ የሚጀምርም አለ።

ደስ የሚል ሥራ ነው። መኪናው ኮምፒውተር የለውም፤ ሁሉም ነገር በቁልፍ ይፈታል፣ በቁልፍ ይታሰራል። ይሁን እንጂ ተጀምሮ የሚቀረው ብዙ ነው። እኔ እንደማየው ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ቅደም ተከተል ይዛባል። ቀለም ከሻንሲ (መኪናውን ከሥር ከሚሸከመው ብረት) ይቀድማል፣ ትልቅ ጎማ ከፍሬን ይቀድማል፣ አዲስ ሞተር ከምርመራ ይቀድማል። ገንዘቡ በሚታየው ነገር ላይ ያልቅና መኪናው መንገድ ሳይወጣ ይቆማል።

ሻንሲውን ሳያዩ መግዛት

ቀለሙ ያበራል፣ ወንበሩ አዲስ ሌዘር ለብሷል፣ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ይኼ ሁሉ በኋላም ሊደረስበት ይችላል። የማይደረስበት ሻንሲው ነው። የ40 ሻንሲ እንደ ሳጥን የተዘጋ ስለሆነ ጭቃ በየቀዳዳው ይገባና እዚያው ይቀመጣል። ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። በውጭ መታየት ሲጀምር ብረቱ ተበልቶ አልቋል።

ትንሽ መዶሻ ይዛችሁ ሥሩ ግቡ። ከኋላ ጎማ ወደ ኋላ ያለውን ክፍል፣ ባሌስትራው (አክስሉን የሚይዘው ድርብርብ የሚያነጥር ብረት) የሚታሰርበትን ቦታ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን አግዳሚ ብረት ቀስ እያላችሁ ምቱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተበላው ድምፁ ይታፈናል፤ ቅርፊትም ያራግፋል። ጥርጣሬ ያለበትን ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ግፉት። ቀጥሎ ምንጣፉን ገልጣችሁ የእግር መርገጫውን ወለል እዩ። የፊት መስታወቱን ፍሬም ታችኛ ጠርዝም አትለፉት። መኪናው አፋር ጨው ሜዳ ላይ የሠራ ወይም ባሕር ዳርቻ የኖረ ከሆነ ሁለት ጊዜ ግቡበት።

ላንድሮቨር ለምትወዱም አንድ ቃል። «ገላው አሉሚኒየም ነው፣ አይዝግም» የሚባለው ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ሻንሲው ብረት ነው። አሉሚኒየሙም ቢሆን ከብረት ጋር በተነካካበት ቦታ እርጥበት ሲያገኝ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል።

ሊብሬውን ለመጨረሻ መተው

የሻንሲው ቁጥር በቀኝ በኩል፣ ከፊት ጎማው አካባቢ ብረቱ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩት። የሞተሩንም እንዲሁ። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው መኪና ሞተሩ ተቀይሮ፣ ወረቀቱ ሳይስተካከል ከእጅ እጅ ዞሮ ሊሆን ይችላል። ጣጣውን ከሻጩ ጋር ሳላችሁ፣ ገንዘቡ ሳይከፈል ጨርሱት። በኋላ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ የሚጠየቀው እናንተን ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ሻንሲው በግራይንደር ወይም በአሸዋ ግፊት ሲጸዳ ቁጥሩ አብሮ ይጠፋል። የተመታው ጥልቀት ትንሽ ነው፤ አንድ ሠራተኛ በደቂቃ ውስጥ ሊያልሰው ይችላል። ከሥራው በፊት ፎቶ አንሱት፣ ወፍራም ቴፕ ለጥፉበት፣ ለሚያጸዳው ልጅም በጣታችሁ እያሳያችሁ ንገሩት። ሲቀባም ቁጥሩን የሚደፍን ወፍራም ቀለም አይረፍበት።

ሁሉንም በአንዴ መፍታት

መፍታት ይጣፍጣል። በሁለት ቅዳሜ መኪናው ግቢው ላይ ይበተናል። ከዚያ አንድ ዕቃ ይጠፋል፣ ፍለጋው ወራት ይፈጃል፣ የትኛው ቡሎን የየት እንደነበረ የሚያስታውስ አይኖርም። ሻንሲው ትልቅ ብየዳ ካላስፈለገው በስተቀር አንዱን ክፍል ፈታችሁ፣ ጠግናችሁ፣ መልሳችሁ ግጠሙና ወደ ሌላው እለፉ። መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዚያ መሪ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣው። ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ቡሎኑን፣ ዳዶውንና ሮንዴላውን በፌስታል አድርጋችሁ በማርከር ጻፉበት።

አንድ ቦታ ላይ በተለይ ልብ በሉ። ገላው ሻንሲው ላይ የሚቀመጠው በጎሚኒ ነው። ከጎሚኒዎቹ ጋር ቀጫጭን የብረት ቁራጮች ልታገኙ ትችላላችሁ። የወዳደቀ ነገር ስለሚመስሉ ይጣላሉ። ገላው የተስተካከለው ግን በእነሱ ነው። በየትኛው ጥግ ስንት እንደነበሩ ካልጻፋችሁ በሩ ከገላው ጋር አይገጥምም።

በበሩ ሥር ያለው ብረት ተበልቶ ሲቆረጥም ያው ችግር ይመጣል። ከመቁረጣችሁ በፊት ገላው ሻንሲው ላይ እንደታሰረ ይቆይ። በበሩ ክፍተት ውስጥም ከፊት ወደ ኋላ ብረት በይዳችሁ ክፍተቱን ያዙት። ይህ ካልተደረገ ገላው በጥቂት ሚሊሜትር ይከፈታል። ብየዳው ያልቃል፣ በሩ አይዘጋም፣ ያለው አማራጭ እንደገና መቁረጥ ነው።

ዝገት ላይ ስቱኮ መለጠፍ

የተበላውን ቆርጣችሁ በላሜራ ተኩት። ስቱኮ ለትንሽ ስርጉድ ማስተካከያ እንጂ ለቀዳዳ መድፈኛ አይሆንም። ክረምት ሲመጣ ያብጣል፣ ቀለሙንም ይዞ ይወርዳል።

ብሎኬት ላይ አቁሞ ሥር መግባት

ይህን በየግቢው አያለሁ፤ ባየሁ ቁጥርም ልቤ ይደነግጣል። መኪናው ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ሲሰበር ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው። ክሪክም ለማንሳት ነው የተሠራው፣ አንስቶ ለማቆየት አይደለም። የብረት መደገፊያ ግዙ ወይም ከታመነ በያጅ አሠሩ። መሬቱ አፈር ከሆነ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ አንጥፉ። የፈታችሁትንም ጎማ ከሻንሲው ሥር አስተኙት። አንድ ነገር ቢንሸራተት መኪናው የሚያርፈው ጎማው ላይ ይሆናል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ቀደም ባሉት ኤፍጄ40ዎች የቤንዚኑ ታንከር ያለው ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ነው። ወለል ከመበየዳችሁ በፊት አውጥታችሁ ከሥራው ቦታ አርቁት። ቤንዚኑ ስለተቀዳ ብቻ ባዶ ነው አትበሉ፤ የቀረው ትነት ነው የሚፈነዳው። የድሮ የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ዲስክ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉት። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ።

ትልቅ ጎማ ከፍሬን ማስቀደም

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መኪናው ከፍ ይላል፣ 33 ኢንች ጎማ ይገባለታል፣ ፎቶ ይነሳል። የማቆሙ ነገር አይታሰብም። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩት 40ዎች በአራቱም ጎማ የታምቡር ፍሬን ናቸው። በየታምቡሩ ውስጥ ሁለት ማስተካከያ አለ፤ በድምሩ ስምንት። አንዱ ከላላ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። የ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ሥሪቶች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ ፍሬን የሚባል ነገር አይቀርም።

ትልቅ ጎማ ሲገባ ፍሬኑ ይበልጥ ይደክማል፣ መሪው ይከብዳል፣ የፊት አክስሉ መገጣጠሚያዎች ከታሰቡበት በላይ ይሸከማሉ። የፍጥነት መለኪያውም ይሳሳታል። ከ29 ኢንች ወደ 33 ከሄዳችሁ መለኪያው 80 ሲል መኪናው 91 አካባቢ ላይ ነው።

ባሌስትራ ሲነሳም እንዲሁ ነው። የፊት አክስሉ ትንሽ ይሽከረከርና መሪው አስፋልት ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል። በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ሽብልቅ ብረት ገብቶ ማዕዘኑ ካልተመለሰ አይስተካከልም። የክሮቼራው (ኃይል ወደ አክስሉ የሚወስደው ዘንግ መገጣጠሚያ) ማዕዘን ይሰፋል፣ መንቀጥቀጥ ይመጣል። የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹም ያጥራሉ። ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ቱቦውን በእጃችሁ ያዙት፤ የተወጠረ ከሆነ ሳይረዝም መንገድ አትውጡ። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ፍሬኑና መሪው ሳያልቁ አንድም ኢንች አታንሱ።

ዲፈረንሻል ገዝቶ ጥርሱን አለመቁጠር

የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ገብታችሁ ከሌላ መኪና የወጣ የኋላ አክስል ልታገኙ ትችላላችሁ። ይገጥማል፣ ዋጋውም ደህና ነው። በ40 ቤተሰብ ውስጥ ግን የዲፈረንሻሉ ጥርሶች ቢያንስ ሁለት የተለያየ ጥምርታ አላቸው። ትልቁ ጥርስ 37 ትንሹ 9 ከሆነ 4.11 ነው። 37 ለ10 ከሆነ 3.70 ነው። ፊቱ አንዱ፣ ኋላው ሌላው ከሆነ መኪናው በሁለት ጎማ ሲነዳ ምንም አይታወቅም። ፎርዊል ባስገባችሁበት ቀን ግን የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት መዞር ይፈልጋሉ። በመካከላቸው ልዩነቱን የሚውጥ ነገር የለም። ጭነቱ ማርሾቹ ላይ ይወርድና ኃይሉን የሚያካፍለው ሳጥን ይሰበራል። ከመግዛታችሁ በፊት አስከፍታችሁ ቁጠሩ። ሻጩ ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ አለ።

በዚያው ምክንያት አራቱም ጎማ እኩል ይሁን። ደረቅ አስፋልት ላይም ፎርዊል አታስገቡ።

ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣል

መኪናው ሲሞቅ ብዙ መካኒክ የሚሰጠው የመጀመሪያ መድኃኒት ይኼ ነው። ለጊዜው የዳነ ይመስላል። ተርሞስታቱ ግን ሞተሩ 82 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ውኃውን ይዞ የሚያሞቅ ዕቃ ነው። ሲወጣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል። የሙቀቱ ምክንያት የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጊያ ወይም የደከመ የራዲያተር ክዳን ሊሆን ይችላል፤ እሱ አልተነካም።

ክዳኑን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩ ከዚያ በላይ ሳይፈላ እንዲሠራ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የላላ ክዳን ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክፍል) ሊያስበላችሁ ይችላል። የቧንቧ ውኃ ብቻ መሙላትም ይቅር፤ በዓመታት ውስጥ ውስጡን በዝገትና በድንጋይ ይደፍነዋል።

ጉልበት ሲያንስ ሞተር መቀየር

ያው ከፍታ እዚህም ይመጣል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው የድሮ ሞተር እንጦጦ ዳገት ላይ ቢያቃስት ስለሞተ አይደለም። ለባሕር ጠለል አየር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጥቁር ጭስና ጥቁር ካንዴላ ምልክቱ ነው። ቤንዚን የምታልፍባትን ቀዳዳ በትንሿ መቀየር ብዙ ነገር ይለውጣል። በናፍጣዎቹ ላይ ደግሞ የፖምፓውን ቪት ከፍቶ ናፍጣ ማብዛት ጭስና ሙቀት እንጂ ጉልበት አያመጣም፤ የሚቃጠልበት አየር የለማ።

ሞተር ከመክፈታችሁ በፊት ኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ የሚፈጠረውን ግፊት) አስለኩ። ቁጥሩ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ካለው ዝቅ ቢል አትደንግጡ፤ መጽሐፉ ዝቅተኛ ቦታን አስቦ ነው የተጻፈው። ማየት ያለባችሁ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ተቀራራቢ ከሆኑ ሞተሩን አትንኩት። ከሌላ መኪና ሞተር ማስገባት ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ራዲያተርና ሊብሬ አብሮ የሚጎትት ሥራ ነው። ዋናው ሞተር ያለው መኪና ዋጋውም ይሻላል።

ኤሌክትሪኩን በግምት መሥራት

አንዳንዶቹ ናፍጣዎች 24 ቮልት ናቸው። ሞተሪኖ፣ ዳይናሞ ወይም አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ። ከቀለም በኋላ መብራቱ ከደበዘዘ ደግሞ መጀመሪያ ኔጋቲቭ ሽቦዎቹ የታሰሩበትን ቦታ እዩ። ቀለሙ ብረቱን ሸፍኖት ይሆናል፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ እሰሩት። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ አትተኩት።

ያለቀ መስሎት ረጅም መንገድ መውጣት

የመጀመሪያው ጉዞ ከሰፈር አይራቅ። ትንሽ ነድታችሁ ቁሙና በአራቱም ጎማ መሃል እጃችሁን አስጠጉ። ከሌሎቹ የጋለ ካለ ወይ ኩሽኔታው ጠብቋል፣ ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም። የፊት ጎማዎቹን ከውስጥ በኩል እዩ። ጥቁር ቀጭን ፈሳሽ ከሚታጠፈው ክብ ብረት ሥር ከወረደ የዲፈረንሻሉ ዘይት የዘይት መያዣውን ጎማ አልፎ ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ግሪስ መጨመር አያድነውም፤ ተፈትቶ የዘይት ጎማው ይቀየር። የካምቢዮውን ዘይትም ለኩ። በነዚህ መኪኖች ላይ የካምቢዮው ዘይት ኃይሉን ወደሚያካፍለው ሳጥን ሊያልፍ ይችላል፤ አንዱ ሲጎድል ሌላው ይትረፈረፋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ የባሌስትራውን ዩ ቡሎኖችና የቸርኬውን ዳዶዎች እንደገና አጥብቁ። አዲስ የታሰረ ሁሉ ትንሽ ይላላል።